የሞተሩ ግለ ሂስ

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ግን ቡና ማበጠሪያው ስታስቀጥረኝ ሃያ ሁለት ናት ብላ ነው ያስገባችኝ። እዚያ የነበሩ አንድ ኃላፊ፣ ከሃያ ዓመት በታች ያለች ሴት እየሳቀች የለቀመችው ቡና ጠጠር አያጣም የሚል እምነት ነበራቸው። እምነታቸው ልክ ነው። ያልነገሯቸው ነገር ቢኖር ከሃምሳ በላይ ያሉት ሴቶች በሳቅ ከእኛ ይብሱ እንደነበር ነው።

ማበጠሪያው ጅማ፣ ከመርካቶ ዝቅ ብሎ፣ ድሮ የአንድ ነጋዴ የነበረ በኋላ ግን የመንግሥት የሆነ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነበር። ከሰርቦ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ የሚመጣው ቡና ተፈልፍሎ ሲያበቃ እኛ እጅ ይገባል። እኛ ሴቶቹ «ጎማው» የምንለው፣ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚጓዝ ሰፊ ቀበቶ አለ። ግራና ቀኙን ተደርድረን እንቀመጣለን፤ ቡናው ከላይ ከቆርቆሮ ማፍሰሻው ወርዶ ጎማው ላይ በፊታችን ያልፋል፤ እኛ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ጠጠሩን እየለቀምን እንጥላለን። ጎማውን የሚጎትተው ሞተር ነው። የማወራላችሁ ስለዚያ ሞተር ነው፤ ስለ አጎቴም ነው። በዚያን ጊዜ ሁለቱን ነጥሎ ማውራት አይቻልም ነበር።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የማበጠሪያው የመብራት ሠራተኛ። ትሑት ሰው ነበር ብዬ አልዋሽም። መርካቶ ውስጥ የተበላሸ ሬዲዮ ከሰማ ባለቤቱ ሳይጠራው ቆሞ «ይኸ እኮ ተራ ነገር ነው» ይላል፤ ተራው ነገር ደግሞ አንዳንዴ ከነጭራሹ ዝም ብሎ ይቀራል። እጁ ግን ወርቅ ነበር። አሮጌውን ሞተር በሕይወት ያቆየው እሱ ነው። ያ ሞተር ካርቦን የሚበላ ዓይነት ነበር። ካርቦን ማለት ጣት የምታክል ጥቁር ነገር ናት፤ የሚዞረውን የሞተር ክፍል እየታከከች መብራት ታቀብለዋለች፤ እየታከከችም ታልቃለች። ስታልቅ ሌላ መግዛት ነው፤ በዚያ ዘመን ግን የሚገዛ ነገር ከየት ይመጣል? አጎቴ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከየሰፈሩ ይለቃቅማል፤ ይሰብርና ከውስጡ ጥቁሯን ዘንግ ያወጣል፤ በሞረድ ልክ አድርጎ ለሞተሩ ያጎርሰዋል። ሞተሩም እሳት እየተፋ ይነሳል።

አሮጌው ሞተር አንድ ትልቅ ጠባይ ነበረው፦ ሲከብደው ይዘገያል። ይህቺን ጠባዩን ከእኛ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ጎማው የሚያልፈው ከጉልበታችን ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ከሰዓት በኋላ ዓይናችን ሲፈዝ፣ ሁላችንም አዴ እያልን የምንጠራቸው የቀርሳ አሮጊት አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ያኔ ሴቱ ሁሉ ተረከዙን አንስቶ ጉልበቱን ከሥር ወደ ጎማው ያስጠጋል። ሞተሩ ያቃስታል፤ ጎማው እንደ ጠገበች ላም ሱታ ሱታ፣ ቀስ ቀስ ማለት ይጀምራል። ኃላፊው ቢሯቸው ሆነው ወደ አምፖሉ ቀና ይሉና «መብራቱ ዛሬም ደከመ» ይላሉ። መብራቱ ምንም አልሆነ፤ የደከምነው እኛ ነን። ለእኛ ድካም ግን ማን ቀና ብሎ ያያል?

አዴ ሌላም ሥራ ነበራቸው። ጠዋት ጎማው ከመነሳቱ በፊት አንድ እፍኝ ቡና ይዘው «ቢስሚላሂ» ብለው ይጥሉበታል። ባዶ ጎማ አይነሳም፤ ባዶውን የተነሳ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሲጠራ ይውላል ይባላል። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነበር። እናቴ እንኳ፣ ሰንበት ቅዳሴ ሳታስቀር፣ የአዴ እፍኝ ካልወደቀ እጇን ወደ ጎማው አትዘረጋም።

እንግዲህ እንዲህ ሆነን ስንኖር፣ በደርጉ ዘመን መገባደጃ ገደማ ነው፣ አንድ ካድሬ ለምርት ማሳደግ ተብሎ ተመደበልን። ሰፊ የካኪ ልብስ፣ ጠባብ ትዕግሥት የነበረው ሰው ነው። ብዙ ሳይቆይ ሰብስቦን፣ ከአንድ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር ለሙከራ የተሰጠ አዲስ ሞተር እየመጣ መሆኑን አበሰረን። ካርቦን የለውም አለ። ፍጥነቱን የሚለካ ምንም ዓይነት መሣሪያም አልተገጠመለትም፤ ሆኖም ፍጥነቱን ያውቃል። እኛ እንዴት ብለን ከመጠየቃችን በፊት የራሱን መልስ ሰጠ።

«ይህ ሞተር ተቆጣጣሪ አያስፈልገውም፣ ጓዶች። ሲዘገይ በራሱ ላይ ሂስ ያደርጋል፤ ራሱን በራሱ ያርማል።»

እናቴ እጇን አወጣች። «ጓድ፣ እንደኛ ስብሰባም ይቀመጣል ማለት ነው?»

ሴቱ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። ካድሬው ጥያቄው ከልብ መስሎት፣ ሞተር ስብሰባ እንደማይቀመጥ በሰፊው አብራራ።

ሞተሩ ከአንድ ፈረንጅ ጋር መጣ። ትንሽ፣ ዝም ያለ፣ እንደ ማሰሮ ድብልብል ያለ ነገር ነው፤ ከጎኑ ባለ ቁልፍ ሣጥን አለው። ቁልፏን ወደ ቀኝ ስታዞሯት ጎማው ይፈጥናል፣ ወደ ግራ ስታዞሯት ይዘገያል። ፈረንጁ የሥራውን ነገር ለአጎቴ በሥዕልና በምልክት ያስረዳዋል፤ አጎቴ ማታ እራት ላይ ለእኛ ያስረዳናል፤ እኔም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ እያገላበጥኩ፣ የማላውቀውን ቃል እየዘለልኩ፣ እንደምንም ገባኝ። እንዲህ ነው።

ሦስት ሴቶች አንድ ትልቅ ክብ ድንጋይ ከብበው በየተራ እየገፉ ሲያዞሩ አስቡ። ሦስቱም አንድ ላይ አይገፉም። ሁለቱ ሲሠሩ ሦስተኛዋ ታርፋለች፤ ግን እጇን ከድንጋዩ አታነሳም። መዳፏን ጣል አድርጋ ድንጋዩ ከሥሯ እንዴት እንደሚያልፍ ታዳምጣለች፤ በዚያ ተራዋ መቼ እንደሚደርስ፣ ድንጋዩም ምን ያህል እንደሚፈጥን ታውቃለች። የአዲሱ ሞተር ሆድ ውስጥ ያለው ይኸው ነው። የሚዞረው ማግኔት ነው፤ ዙሪያውን ሦስት የሽቦ ጥቅል አለ። መብራት ሁለቱን ጥቅል ይዞ ማግኔቱን ሲገፋ፣ ያረፈው ሦስተኛው ጥቅል ማግኔቱ ባጠገቡ ሲያልፍ ትንሽ መብራት በራሱ ይወልዳል። ሣጥኑ ያቺን ትንሽ መብራት ያዳምጣል። ማግኔቱ የት እንደደረሰ፣ ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚያውቀው በእሷ ብቻ ነው፤ ሌላ ዓይን የለውም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ድንጋዩ ካልዞረ የሴትየዋ መዳፍ ምን ይነግራታል? ምንም። ሞተሩም ቆሞ ሳለ ዕውር ነው። ማግኔቱ በየት በኩል እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ሲነሳ መጀመሪያ በግምት፣ በዳበሳ ነው የሚገፋው፤ ትንሽ መዞር ከጀመረ በኋላ ነው ራሱን የሚያገኘው። በዚያች የዳበሳ ሰዓት ሸክም ከተጫነበት ግምቱ ይሳሳታል፤ ወደፊት ሲል ወደኋላ ይመታል፤ ይንቀጠቀጣል፤ በመጨረሻ ሣጥኑ ቀይ መብራት አብርቶ ሁሉን ይዘጋል። መነሳት ያለበት እንግዲህ ባዶውን ነው። ከተነሳ ወዲያ የፈለጋችሁትን ጫኑት።

ፈረንጁ ከአማርኛ የተማረው አንድ ቃል «ባዶ» የሚለውን ነው። ጠዋት ይመጣና ጎማውን በክንዱ እየጠረገ «ባዶ!» ይለናል። ምሳ ሰዓት ማፍሰሻውን ያዘጋና ጎማው እስኪራቆት ቆሞ ይጠብቃል፤ «ባዶ።» መብራት በመሃል ከሄደማ መከራችን ነው፤ ጎማው ላይ የቀረውን ቡና ሁሉ በቅርጫት አራግፈን ካልጨረስን አያስነሳም። ስሙን ጋሽ ባዶ አልነው። አዴ ብቻ ተጣሉት። በመጀመሪያው ጠዋት እፍኛቸውን ይዘው ሲመጡ እጁን ዘርግቶ ከለከላቸው።

«ለኪ፣ የለም ልጄ» አሉት፤ «በባዶ አይሆንም።»

«ባዶ» አለ እሱ።

ሁለቱም አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቁም፤ ግን ገበያ ላይ ያለ ሰው ቋንቋ አይቸግረውም። ተሟገቱ። በመጨረሻ ፈረንጁ የአዴን እፍኝ በራሱ መዳፍ ላይ አስገለበጠና እንደ ወርቅ አንጥረኛ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው። ሳቅ አለ። በአንድ ጣቱ «ይህችን ብቻ» የሚል ምልክት ሰጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ እፍኝ ትወድቃለች፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ሁሉም በሃይማኖቱ ይኖራል።

እኛን ያቃጠለን ሌላ ነው። አዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጉልበታችንን አስጠጋን። ጎማው ዘገየ ይሆን ብለን ብንጠብቅ፣ ወዲያው ያቺ የምታዳምጥ ጥቅል ነገረችው መሰለኝ፣ ሞተሩ ጉልበት ጨምሮ እንደ ቀድሞው ነጎደ። አጥብቀን ደገፍነው፤ እሱም አጥብቆ ጎተተ። አንዷ ጉልበቷ ተልጦ ሳምንት አነከሰች። ካድሬው ቁልፏን ትንሽ ትንሽ ወደ ቀኝ ማዞር ለመደ። ጥቁሩ ፍሬ እያየነው ያልፈናል፤ ዓይናችን ከእጃችን፣ እጃችን ከጎማው መስማማት አቃተው። በወሩ መጨረሻ ብዙ ቡና በጣም በፍጥነት፣ ከነጠጠሩ አለቀ። ምርት አደገ ተባለ።

አጎቴ ግን በሞተሩ ፍቅር ወደቀ። የሚያብለጨልጭ ነገር የለ፣ ጭስ የለ፣ የባትሪ ድንጋይ መልቀም የለ። ጆሮውን ሞተሩ ላይ ለጥፎ ይቆማል። ሴቶቹ «የሞተሩ ሙሽራ» አሉት። እናቴ እራት ስታቀርብለት «ለእሷስ ይዘህላት አትሄድም?» ትለዋለች። አይቆጣም ነበር። «ትስቃላችሁ እንጂ፣ ይኼ እኮ የሚያስብ ነገር ነው» ይላል። እኛ የሚያስብ ነገር አልቸገረንም፤ የቸገረን የሚያርፍ ነገር ነው።

በዚህ መካከል የምረቃ ቀን ተቆረጠ። ሞተሩ ሥራ ከጀመረ ወር አልፎታል፤ ግን ያልተመረቀ ነገር እንደተሠራ አይቆጠርም። ጋሽ ባዶ ለሌላ ሥራ መቱ ሄዶ ነበር፤ ካድሬው ይጠበቅ አላለም። እንግዶቹ ከላይ ነው የሚመጡት፤ የአካባቢው ሹሞች፣ የገበሬው ማኅበር ተወካይ፣ የሴቶቹ፣ የወጣቱ፣ የሠራተኛው ተወካይ ሁሉ ተጠርተዋል። አጎቴ አዲስ ሰማያዊ ቱታ አሰፋ፤ ከውስጡ ክራቫት አሰረ። እናቴ «ሙሽራው ሚዜ አላገኘም እንጂ» እያለች አንገቱን አስተካከለችለት።

ዕለቱ ደረሰ። ንግግሩ ረዘመ፤ ጭብጨባው ረዘመ። በመጨረሻ ሞተሩ ይነሳ ሲባል አዴ እንደ ወትሯቸው ከጥግ ብድግ አሉና እፍኛቸውን «ቢስሚላሂ» ብለው ጎማው ላይ ጣሉ። ከአዲስ አበባ የመጡት ትልቁ እንግዳ አዩአቸው።

«እኚህ እናት ምን እያደረጉ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ካድሬውን ጨነቀው። የአሮጊት ልማድ ነው ቢል፣ እስከ ዛሬ ምን ሲያስተምር ነበር ይባላል። ስለዚህ፣ «የሕዝቡ ተሳትፎ ምልክት ነው፣ ጓድ» አለ።

እንግዳው ደስ አላቸው። የሕዝብ ተሳትፎ ከሆነ እሳቸው ሊቀሩ ነው? ከጆንያው በሁለት እጃቸው ዘግነው ጎማው ላይ በተኑ። ጭብጨባ። ያን ያዩ የአካባቢው ሹም ተነሱ፤ ከእንግዳው እንዳይበልጡ፣ ከተከታዩም እንዳያንሱ ተጠንቅቀው ዘገኑ። ከዚያ የገበሬው ማኅበር ተወካይ፤ እሳቸው ቡናውን ያመረተው የእኛ ወገን ነው ብለው ነው መሰለኝ በጣሳ ነው የሰጡት። የሠራተኛው ተወካይ ከገበሬው ማነስን አልወደደም። የወጣቱ ተወካይ ወጣት ነውና ቅርጫት ሙሉ አነሳ። የሴቶቹ ተወካይ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ የሴት ተሳትፎ እኮ ዝቅተኛ ነው እየተባለች ነው የኖረችው። በመጨረሻ ካድሬው ራሱ፣ እንዳይረሳ፣ ሁለት ሰው አሳግዞ አንድ ሙሉ ጆንያ ገለበጠ። ጎማው ከዳር እስከ ዳር ቡና ተነጥፎበት ቁጭ አለ።

አጎቴ ፊቱ ሲለዋወጥ እያየሁት ነበር። ወደ ካድሬው ጆሮ ጠጋ ብሎ ሲናገር ሰማሁት፦ «ጓድ፣ ከበዛ እኮ አይነሳም። ትንሽ እናራግፍለት።»

ካድሬው ጥርሱን ከእንግዶቹ ጋር ለመጣው ካሜራ እንዳሳየ፣ «የሕዝብ ተሳትፎ የሚራገፍ ነው? አንተ አስነሳ» አለው።

አጎቴ ቁልፉን ነካ። ሞተሩ እንደታነቀ ሰው «ግር» አለ። ጎማው አንድ ስንዝር ወደፊት ሄደ፣ ቆመ፣ ከዚያ ደርሶ ወደኋላ ተመለሰ። ጫፍ ላይ የተከመረው ቡና ተንዶ የትልቁን እንግዳ ጫማ ሞላው። የወጣቱ ተወካይ የፕሮግራሙ አካል መስሎት አጨበጨበ። አጎቴ ደግሞ ሞከረ፤ «ግር፣ ግር»፣ ቀይ መብራት። እንግዳው ጫማቸውን አራገፉና በቀስታ «ጥሩ ነው» ብለው ወጡ። የትልቅ ሰው «ጥሩ ነው» ከስድብ እንደሚከፋ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ በቀበሌ ጥበቃ ተይዞ ሄደ፤ ከነክራቫቱ። አሻጥር ተባለ። በዚያ ዘመን አሻጥር ማለት ቀልድ አይደለም። ከአጋሮ የመጣ አንድ ጎረቤታችን በዚያችው ቃል ተጠርቶ ወጥቶ፣ ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ ስታመላልስ አንድ ቀን «ከእንግዲህ አታምጪ» ተብላለች። እናቴ ያን ታውቃለች። ምክንያታቸው ደግሞ ሲሰሙት የሚያሳምን ነው፤ ሴቶቹ ሞተሩን ይጠሉታል፣ ከሴቶቹ አንዷ እህቱ ናት፣ ስለዚህ ሆን ብሎ አበላሽቶታል። በዚያ አዳራሽ ሞተሩን የሚወድ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነበር፤ ጠላቱ ተብሎ የታሰረውም እሱ።

ስንቅ የምናመላልሰው እኔና እናቴ ነን። አጥሩ ጋ ሲያቀርቡልን እናቴ መትተውህ ይሆን ብላ ፊቱን ስታይ፣ እሱ የሚጠይቀን ሌላ ነው። ሞተሩን ማን ነው የሚያስነሳው? ጎማውን ያራግፋሉ ወይ? አቧራ እንዳይገባው ሣጥኑን በጨርቅ ሸፍኑልኝ።

«አንተ ሰው» አለችው እናቴ አንድ ቀን፤ «ሊገድሉህ እኮ ይችላሉ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ሞተሩስ ምን አደረገ?»

እናቴ ቤት ስንደርስ፣ «ጅል ነው የወለደችልኝ እናቴ» ብላ አለቀሰች።

ካድሬው አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ማን መሰላችሁ? የገበሬው፣ የሠራተኛው፣ የወጣቱ፣ የሴቶቹ ተወካይ፤ ሰብሳቢው የአካባቢው ሹም፤ ጸሐፊው ካድሬው ራሱ። ከአዴና ከትልቁ እንግዳ በቀር ቡናውን የጣሉት ሁሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደሩ። ጋሽ ባዶ ከመቱ ተመልሶ ነበር፤ አልተጠራም። ቢጠራ የሚናገረው አንድ ቃል ነው፤ እሷን ደግሞ ሁሉም ያውቃታል።

ኮሚቴው እኛን ሴቶቹን አስቁሞ ሞተሩን በፊታችን ፈተሸ። መጀመሪያ ጎማው ሙሉ ሆኖ አስነሱት፤ አንቀጥቅጦ ቆመ። አራግፈው አስነሱት፤ እንደ ቅቤ ተንሸራተተ። ደግመው ሞሉት፤ ቆመ። አራገፉት፤ ሄደ። በዚህ ጊዜ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። ግን የገባውን ነገር ማን በአፉ ያውጣው? ሸክሙ ነው ካላችሁ፣ ሸክሙን ማን ጫነ? ከሁሉ በፊት በሁለት እጃቸው የዘገኑት ሰውዬ አዲስ አበባ ናቸው፤ ስማቸው በአጣሪ ኮሚቴ አይነሳም። ሰብሳቢው ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ካድሬው ብዕሩን አራገፈ። አጎቴ እየሰመጠ መሆኑን እናቴም እኔም እናየው ነበር።

አዴ ናቸው የተነሱት። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ አግዳሚው ጠጋ አሉ።

«እኔ ነኝ የጀመርኩት» አሉ። «ወላሂ እኔ ነኝ። ልጁን ፍቱና እኔን እሰሩኝ።»

ሰብሳቢው ደነገጡ። «እናቴ፣ እርስዎ እኮ የጣሉት አንድ እፍኝ ብቻ ነው።»

«ታዲያ የቀረውን ማን ጣለው?» አሉ አዴ።

የሴቶቹ ተወካይ ጫማዋን አየች። የወጣቱ ተወካይ የሠራተኛውን፣ የሠራተኛው የገበሬውን አየ። ሰብሳቢው ኮሚቴው ለጥቂት ጊዜ ወጥቶ ይመካከር አሉ። ሲመለሱ ላብ አርጥቧቸው፣ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር። ጥፋተኛው ተገኝቶ ነበር። ጎጂ ልማድ ነው።

ካድሬው ቆሞ አስረዳን። ኋላ ቀር ልማድ ወደ ምርት ሥፍራ ሰርጎ ገብቷል፤ ልማዱን የጀመሩት እናት በዕድሜያቸው ምክንያት አይጠየቁም፤ የእንግዶቹ ተግባር ግን ተሳትፎ እንጂ ልማድ ስላልሆነ አይነካካም። ተመልከቱ፤ አንድ ጎማ ላይ፣ አንድ ዓይነት ቡና፣ የአዴ እጅ ሲጥለው ጎጂ ሆነ፣ የእነሱ ጣሳ ሲገለብጠው ተሳትፎ። አጎቴ ደግሞ ጎጂ ልማድን በጊዜው ሳይታገል በመቅረቱ በሠራተኛው ፊት ግለ ሂስ አድርጎ ይፈታ ተባለ። እናቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። በዚያች ሰዓት ልማዱንም፣ አዴንም፣ እኔንም ጎጂ ቢሉን አትከራከርም ነበር።

በማግሥቱ አመጡት። ቱታው ተጨማዷል፤ ክራቫቱ የለም፤ አንድ ጎኑን ይዞ ነው የሚቆመው። ሁላችንም ተሰበሰብን። የሚናገረውን ቀድመው አስጠንተውታል። ጎጂ ልማድን አልታገልኩም አለ። የንቃት ጉድለት ነበረብኝ አለ። የወዳጅ አገር ስጦታ በእኔ ቸልተኝነት ለጉዳት ተጋልጧል አለ። ድምፁ ከወትሮው ሌላ ነበር፤ ያ «ይኸ እኮ ተራ ነገር ነው» የሚለው ሰውዬ በየት በኩል እንደወጣ አላየነውም።

«ከልብህ ነው?» አለ ካድሬው።

«ከልቤ ነው፣ ጓድ» አለ አጎቴ። ከዚያ ወደ ሞተሩ ዞር አለ። «ግን ሞተሩ ሲነሳ...»

«ተቀመጥ» አለችው እናቴ።

ጮክ አላለችም። ሕፃን ሆኖ ወንዝ ሲጠጋ ትጠራው የነበረበት ድምፅ መሆን አለበት። አጎቴ አያት፤ ተቀመጠ። ካድሬው አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን። ያን ቀን እንዳጨበጨብኩ ለማንም አጨብጭቤ አላውቅም፤ አንድ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ስላልጨረሰ።

ስለ ሞተሩ ልንገራችሁ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልተነሳም። ነገሩ ቀላል ነው፤ ባዶውን ቢያስነሱትና ቢሄድ፣ ያቆመው የእንግዶቹ ቡና መሆኑ በየጠዋቱ ሊመሰከር ነው። ሞልተው ቢያስነሱት አይነሳም። ስለዚህ «ለጥናት» ተብሎ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ መጋዘን ገባ። ፈረንጁ ጊዜው አልቆ ሲሄድ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ትከሻውን ሰበቀ፤ የአዴን እጅ ጨበጠና አገሩ ገባ። አሮጌው ሞተር እሳቱን እየተፋ ተመለሰ። ጎማው ሲከብደው መዘግየት ጀመረ፤ ከሰዓት በኋላ አምፖሉ ላይ ያለው መብራትም እንደ ድሮው «ደከመ»። እኛ ሴቶቹ ከዚያ ሁሉ ነገር አተረፍን ብል ነውር ይሆንብኛል፤ ግን አትርፈናል። ጥቁሩን ፍሬ እንደገና ማየት ቻልን። ካድሬው በዚያው ሰሞን ለምርት እድገት ባደረገው አስተዋፅኦ ከፍ ብሎ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ።

አጎቴ ለአሮጌው ሞተር የባትሪ ድንጋይ እንዲሞርድ ተመለሰ፤ ወሩን አልጨረሰም። ማንንም ሳይሰናበት ሰርቦ ወረደ። ገበያው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቶ በእግር የሚረገጥ የልብስ ስፌት መኪና መጠገን ጀመረ፤ እዚያው አግብቶ፣ ወልዶ ኖረ። ሬዲዮም ሆነ ካውያ፣ ሽቦ ያለው ነገር ይዞ የመጣውን ሰው፣ ዕቃውን ሳይነካ፣ ሻይ አጠጥቶ ይመልሰዋል።